ቃታዋ ሳይነካ የባረቀች ሽጉጥ

በርጫ ላይ የሚቀመጥ ወንድ ሱሪውን አውልቆ ሽርጥ ያሸርጣል፤ ሐረር ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ሽርጥ ደግሞ ቀበቶ የለውም። ታዲያ ሽጉጥ የታጠቀ ሰው የት ሊያደርጋት ነው? የእህቴ ባል የንግድ ሸሪክ፣ አንድ ቅዳሜ አቦከር ሰፈር እህቴ ቤት ጫት ልንቅም ስንሰበሰብ፣ የሽርጡ እጥፋት ውስጥ ወሸቃት። መዳፍ የማትሞላ ሚጢጢ ሽጉጥ ነች። ሁላችንም አይተናል። እኔም አይቼ ዝም አልኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ እህቴ የውሃ ማሰሮ ይዛ ገባች። ሸሪኩ ሊቀበላት ብድግ ሲል ሽርጡ ላላ፤ ሽጉጧ ሲሚንቶው ላይ ወድቃ ባረቀች። እህቴ ቁርጭምጭሚቷን ይዛ ቁጭ አለች።

"ወላሂ፣ ቃታዋን አልነካሁም!" አለ ሰውየው። ተጎዳሽ ወይ ብሎ ከመጠየቁ በፊት ያለው ይህን ነው።

እውነቱን ነው፣ አልነካም። እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ጡረታ የወጡ ወታደር ጎረቤታችን በኋላ እንዳስረዱኝ፣ ከእነዚህ ትንንሽ ሽጉጦች አንዳንዶቹ ሲወድቁ ጥይቱን የምትመታውን መርፌ አግዶ የሚይዝ ነገር የላቸውም። ጥይት ከጎረሱ ለመተኮስ መሬት ይበቃቸዋል። "ይህን ሳያውቅ የሚታጠቅ ሰው ለጠላቱም ለወዳጁም አንድ ነው" አሉኝ። እሱ ግን አጉርሶ ነው በርጫ የመጣው! ማንን ሊዋጋ? የተደገፈውን ትራስ?

እህቴ ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም ትሸጣለች፤ ሥራዋ ቀኑን ሙሉ መቆም ነው። ከሁለት ወር በኋላም እግሯ አልታጠፍ ብሎ መደብሯ እንደተዘጋ ነበር። ከዚያ በኋላ መቆም መቻሏን ሐኪሙም እርግጠኛ ሆኖ አልነገራትም።

ያኔ ነው ሰውየው ሽማግሌ ይዞ ለይቅርታ የመጣው። አንዱ ሽማግሌ "ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ" አሉ፣ ሌላው "የሰይጣን ሥራ ነው" አሉ። ጥይቱን ሰይጣን ያጎረሰው ይመስል! እኔም፣ ማፈሪያው፣ "በይ እሺ በያቸው፣ ይብቃ" አልኳት።

እህቴ ክራንቿን ተደግፋ ተነሳች።

"ሽጉጧን ለፖሊስ ያስረክብ። ያን ቀን ይቅር እለዋለሁ።"



"እህቴ፣ ሌላ ነገር ጠይቂኝ" አለ ሰውየው።

ሽማግሌዎቹም ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ። "ምነው ልጄ" አሉ ትልቁ፣ "ምን ዓይነት ልብ ነው ያለሽ?"