የአይነኬ የደመራ ምሽት

መስከረም አሥራ ስድስት ቀን ከሰዓት በኋላ ዘአማኑኤል መስኮቶቹን አንድ በአንድ ዘጋ፤ ተመልሶም አንድ በአንድ እየገፋ አረጋገጠ። ሠላሳ ዓመት የፋብሪካ መዝገብ ቤት ሠርቷል፤ የዘጋውን ነገር ደግሞ ካላየ አያምንም። የሰፈሩ ደመራ ሊለኮስ ሁለት ሰዓት ያህል ቀርቷል። ከደመራው ጋር ደግሞ የጎረምሶቹ ርችት አለ።

ባለፈው ዓመት በዚሁ ዕለት ውሻውን፣ አይነኬን፣ በር ላይ በሰንሰለት ያሰረው እሱ ነበር። እንዳይጠፋ ብሎ ነው። የመጀመሪያው ርችት ሲፈነዳ አይነኬ አንገቱን ልጦ፣ ማሰሪያውን አውልቆ፣ አጥር ዘሎ ጠፋ። ሚስቱ ያለምወርቅ ሦስት ቀን ስሙን እየጠራች ከሳሪስ አቦ እስከ ቃሊቲ ዞራ አገኘችው። ባሏን አንድ ክፉ ቃል አልተናገረችውም፤ እሱን ያንገበገበውም ይኸው ነው። ዘንድሮ እሷ የለችም። ነሐሴ ሃያ አንድ ቀን ቀበራት። አይነኬ አሁን ከጠፋ በማን ድምፅ ይመለሳል?

የእንስሳት ሐኪሙ ሂርጳ የነገረውን በሙሉ ፈጽሟል። አላሰረውም። በቀን ሰፈሩን አዙሮታል፣ በጊዜ አብልቶታል፣ ውስጠኛው ክፍል አስገብቶታል። የቀረው አንድ ነው፤ የውጭው ድምፅ እንዲዋጥ ቴሌቪዥን መክፈት። ቴሌቪዥኑ ግን ከቀብሩ ቀን ጀምሮ በነጠላ ተሸፍኗል።

ከፊት ለፊት ሱቅ ያላት ዙለይኻ ብቅ አለች።

"ጋሼ፣ ጀግናው የታለ?"

"አልጋ ሥር።"

"ያለምዬ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ይሄን ፈሪ አይነኬ ያለችው ምኑን አይታ ነው?" ፈገግ ሲል አይታ ቀጠለች። "ቴሌቪዥኑን አይከፍቱለትም እንዴ?"

"አርባዋ ሳይወጣ በዚህ ቤት ዘፈን?"

"ሰዉ ሁሉ ደመራ ጋ ነው። ማን ይሰማል?"

"እኔ እሰማለሁ።"

ዙለይኻ ጥግ ወዳለው የያለምወርቅ የስፌት መኪና ዞር ብላ፣ "ይሄ ቤት መቼ ጸጥ ብሎ ያውቅ ነበር? ቀኑን ሙሉ ትርርር ስትል፣ እሱም ከእግሯ ሥር ተጋድሞ። አሁን ጸጥታው እኔንም ያስፈራኛል" አለችና ወደ ሱቋ ተመለሰች።

የመጀመሪያው ርችት ጣራውን አናወጠው። አይነኬ ከአልጋው ሥር ተወርውሮ በሩን ቧጨረ። ሁለተኛው ሲደገም ሮጦ ከስፌት መኪናው ሥር ገባ፤ መርገጫው አጠገብ ተሸጉጦ ተንቀጠቀጠ።

ዘአማኑኤል መኪናው ፊት ቆመ። ያለምወርቅ ጀምራ የተወችው የቀሚስ እጅጌ እንዳለ ከመርፌው ሥር ነበር። ለቅሶ የመጡ ሴቶች ሊያነሱት ሲሉ ከልክሏቸዋል። አሁን መርፌውን ቀስ ብሎ አነሳው። ክሩን ቆረጠ። የመጨረሻው ስፌት ላይ እንዳይተረተር ስፒል ሰክቶ፣ እጅጌውን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ተቀምጦ ረገጠ። መዘውሩ ወደ ኋላ ዞሮ ቀጥ አለ። ሠላሳ ዓመት አጠገቧ ኖሮ መርገጫው በእጅ ካልተጀመረለት እንደማይታዘዝ አላስተዋለም! መዘውሩን በእጁ ወደ ፊት ገፋ አድርጎ እንደገና ረገጠ። ትርርር።

አይነኬ ጆሮውን አቆመ።

ውጭ ርችቱ ተከታትሎ ፈነዳ። ዘአማኑኤል መርፌው ባዶውን እየወጣ እየወረደ፣ ባቱ እስኪደነዝዝ ረገጠ። ጥቂት ቆይቶ ሞቅ ያለ ነገር እግሩ ላይ አረፈ፤ የውሻው አገጭ ነው። መንቀጥቀጡ ቆሟል።

"ጋሼ!" አለች ዙለይኻ ከመስኮቱ ውጭ። "ምን እየሰፉ ነው?"

"ምንም!"

"ይስፉ፣ ይስፉ! ያምርብዎታል!" ሳቋ እስከ ሱቋ ድረስ ተሰማ።

ርችቱ አለቀ፤ የችቦው ዘፈንም ራቀ። አይነኬ እያንኮራፋ ነበር። ዘአማኑኤል በረጅሙ ተነፈሰና እግሩን ከመርገጫው ሊያነሳ ሲል፣ ውሻው አንድ ዓይኑን ገልጦ አየው።

"እሺ፣ እሺ" አለ፤ መዘውሩንም መልሶ ገፋው።