አቧራ የመሰለው የእማማ ሐዋ ወንድም

ትናንት ከሰዓት አንድ ሳሎን ሙሉ ዘመድ ፊት ተዋረድኩ... ያዋረደኝ ደግሞ ሰው ቢሆን ጥሩ፣ ቴሌቪዥን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሶሳ ውስጥ የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት እማማ ሐዋ ባለፈው ሳምንት ልጃቸውን ዳሩ። እኔ ደግሞ ካሜራ ከያዝኩ ወዲህ ግቢው ውስጥ ያላነሳሁት ነገር የለም። እንሽላሊት፣ የማንጎ አበባ፣ የቀርከሃ አጥር፣ የተሰጣ ልብስ... ሌንስ እለዋውጣለሁ፣ ፊልተር እደራርባለሁ። ወንዱ ልጃቸው ኢድሪስ ይሄን ሲያይ ከርሞ «የእህቴን ሰርግ አንተ ነህ የምታነሳው» አለኝ። ደረቴን ነፍቼ እሺ አልኩ። «እንዳታፍር» ብሎ ማንም አልመከረኝም።

በዚያው ሰሞን አዲስ ሌንስ ገዝቻለሁ። አንዱን ፊት ጥርት አድርጎ ሌላውን ሁሉ ጭጋግ የሚያደርግ ዓይነት ነው። ሱስ ሆኖብኝ ነበር፤ የሻይ ብርጭቆ እንኳ ሳላደበዝዝ አልጠጣም።

የሰርጉ ቀን ጠዋት እማማ ሐዋ ክፍሌ በር ድረስ መጡ።

«ጌታሁን፣ ልጄ፣ ወንድሜ ከሱዳን መጣ። ወላሂ፣ ጦርነቱ ከጀመረ አላየሁትም። ነገ ይመለሳል። እኔና እሱ አንድ ላይ፣ አንድ ፎቶ። ሌላ አልፈልግም።»

«እማማ ደግሞ! አንድ ብቻ? መቶ አነሳልዎታለሁ!» አልኳቸው። አይ አፌ...

ከሰዓት ላይ ሁለቱ ማንጎው ሥር ጎን ለጎን ቆሙ። ሰውየው ነጭ ጀለቢያቸውን አስተካከሉ፣ እማማ የተጠቀለሉበትን ሰማያዊ ቶባቸውን ትከሻቸው ላይ ሳብ አደረጉ። ካሜራዬ ላይ ፎከስ የት እንደሚያርፍ የምታሳይ ትንሽ አረንጓዴ ሳጥን አለች፤ በአውራ ጣቴ ወደፈለግኩበት እወስዳታለሁ። ልክ ወንድምየው ፊት ላይ ላሳርፋት ስል ከኋላቸው ዘሃራ ቀዩን የከርከዴ መጠጥ በትሪ ይዛ ብቅ አለች።

ዘሃራ የሙሽራዋ የአክስት ልጅ ናት። ብርቱካናማ ሻርፕ ለብሳ... በቃ፣ ምን ልበላችሁ። ሳጥኗ ወደ እሷ ሄደች። «ቀለሙን ልሞክር ብዬ ነው» እያልኩ ራሴን ሸነገልኩት። ደጋግሜ ተጫንኩና «አለቀ፣ በጣም ያምራል!» አልኩ። በካሜራዬ ሚጢጢ ስክሪን ላይ ደግሞ ያላማረ ነገር የለም።

ትናንት ፎቶዎቹን በፍላሽ ይዤ ገባሁ። ኢድሪስ ፍላሹን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካው። ሳሎኑ ከአክስት እስከ ጎረቤት ጢም ብሏል። ዘሃራም ከሴቶቹ ጋር ጥግ ላይ ተቀምጣለች።

የመጀመሪያው መጣ። ሙሽራዋ ደብዝዛለች፣ ከጀርባዋ ዘሃራ ጥርት ብላ ትስቃለች። ሁለተኛው መጣ። ሽማግሌዎቹ ደብዝዘዋል፣ በሩ ላይ ዘሃራ። ሦስተኛው ላይ ወሬው ሁሉ ቀስ እያለ ቆመ።

«ሙሽራዋስ የት አለች?» አለች አንዷ አክስት።

«እቺ ጭጋጓ ናት» አለ ኢድሪስ እየሳቀ። ከዚያ ቀጣዩን አሳለፈ... ደግሞ ቀጣዩን... ዞር ብሎ አየኝ። ሳቁ የለም።

ዘሃራ ገብቷታል። ሻርፗን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ፣ ማንንም ሳታይ ወጣች። ምንም ያላጠፋች ልጅ ናት፤ ሰው ሁሉ ግን እሷ የወጣችበትን በር ነው ያየው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ።

ይሄ ሁሉ ሆኖ የእነ እማማ ሐዋ ፎቶ ገና አልመጣም ነበር።

መጣ። አንድ ነጭ ደመና፣ አንድ ሰማያዊ ደመና። በመሃላቸው ዘሃራ፣ እንኳን ፊቷ፣ ትሪው ላይ የፈሰሰው የከርከዴ ጠብታ ሳይቀር ይታያል። ኢድሪስ የሚቀጥለውን ነካ፣ ያው ነው። የሚቀጥለውንም፣ ያው።

እማማ ሐዋ ተነሡ። ቴሌቪዥኑን ተጠግተው በቶባቸው ጫፍ የወንድማቸውን ፊት ጠረጉት። ቀስ ብለው። ራቅ ብለው አዩትና ተመልሰው ደግመው ጠረጉት።

«አቧራ ነው እንዴ?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«ሌ... ሌንሱ ነው እማማ። ትንሽ ችግር አለበት» አልኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁ።

«እሱ ሄደ እኮ» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለቴሌቪዥኑ።

እንግዳው ሁሉ ሲወጣ እኔም ሹልክ ልል ስል በር ላይ ጠበቁኝ። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር፤ ምነው በሰደቡኝ።

«ጌታሁን፣ ካሜራው ደህና ነው» አሉኝ ዝግ ብለው። «ዓይንህ ነው ሌላ ቦታ የሄደው። በል ይሄን ፎቶ አሳጥበህ አምጣ።»

«እማማ፣ ፊታቸው እኮ አይታይም...»

«እኔ አውቀዋለሁ።»

ዛሬ ጠዋት አሳጥቤ አመጣሁ። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ከሰዓት ቧንቧው ጋ ውሃ ስቀዳ የእማማ ስልክ ጮኸ። ከድንበር ማዶ መስመር ሲገኝ እንደ ብርቅ ነው፤ በበርታኛ እየጮኹ፣ እየሳቁ ያወራሉ። ኢድሪስ አጠገቤ ጀሪካኑን ይዞ ቆሟል። ከትናንት ጀምሮ አላናገረኝም።

«ምን እያሉ ነው?» አልኩት እንደምንም።

«አጎቴ ነው። ፎቶውስ ብሎ ጠየቃት» አለኝ ፊቱን ሳያዞር። «ቆንጆ ወጥተሃል፣ ከጠዋት ጀምሮ ፊትህን እያየሁት ነው እያለችው ነው።»

ሌንስ የምትፈልጉ አላችሁ? ምንም ችግር የለበትም... ችግሩ እኔ ጋ ነው የሚቀረው።