አባቴ ገጥመውት እኔ የፈታሁት ሲሊንደር

በፒስተኑ አናት ላይ የተቀረጸችው ትንሽ ቀስት በዚያ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወዴት ታመለክት እንደ ነበር ምዬ መናገር አልችልም። ወደ ካርቡራተሩ ዞራ ያየኋት ይመስለኛል፤ መዞር የነበረባት ግን ወደ ጭስ መውጫው ነበር። «ይመስለኛል» በሰው ጥፋት ላይ ለምስክርነት የማትበቃ ቃል ናት። እኔ ግን በእሷው ተማምኜ አባቴ በእጃቸው የሠሩትን ከኋላቸው አፈረስኩ።

አባቴ ጎንደር በጋራዥ ሥራ የጎለመሱ ሰው ናቸው። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን እስራኤል መጥተን አፉላ ከተማ ከገባን በኋላ ግን ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በፋብሪካ ሳጥን ሲጭኑ ኖሩ። ሞተር የሚነኩት ከአንድ ጎረቤት የገዟት አሮጌ የጣሊያን ስኩተር ስትበላሽባቸው ብቻ ነበር። እሷም በመጨረሻ ዝም አለችና ከሕንፃችን ሥር ባለችው የዕቃ ክፍል፣ ሁላችንም ማኽሳን በምንላት፣ ዓመታት ቆመች።

እንደገና ሊያስነሷት የተነሡት ሐኪሙ የማስታወስ ኃይላቸው መድከም መጀመሩን ከነገረን በኋላ ነው። አንድ ቀን ከመሀል ከተማ ሲመለሱ የእኛን ሰፈር አውቶቡስ ስተው በማዕከላዊ ጣቢያው ከወታደሮች መካከል ተቀምጠው ተገኝተዋል። እዚህ አገር የተወለደችው እህቴ፣ አባታችንን ሁልጊዜ «አንተ» የምትላቸው፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ዕረፍት አልነበራትም።

«አባ፣ ዳይ! በቃ! ብቻህን ማኽሳን ውስጥ ቤንዚን ይዘህ አትቀመጥም።»

«ቤንዚኑ ከእኔ ጋር ምን ጠብ አለው?»

«ባለፈው ጋዙን ለኩሰህ ረሳኸው!»

«ሻዩን ነው የረሳሁት። ጋዙማ ትዝ ብሎኝ ነበር።»

ሳቋን መያዝ አቃታት፤ እሳቸውም ያን ጊዜ ቃል ገቡላት። «ይህችን ሞተር በእጄ ካስነሣሁ ማኽሳኑ የእኔ ነው፤ ማንም አይከለክለኝም። ካላስነሣሁ ቁልፉን ላንቺ እሰጣለሁ፤ ከሶፋው ላይም አልነሣም። ደስ ይበልሽ።»

«ቤሴዴር» አለች እህቴ፤ እሺ ማለቷ ነው።

እኔ ረዳት ሆንኩ። ሞተሩን አውርደን ከጠረጴዛ ላይ ጫንነው፤ ሲሊንደሩም ቶርኖ ቤት ሄዶ በአዲሱ ፒስተን ልክ ሰፍቶ ተመለሰ። አባቴ ፒስተኑን ዘይት ቀብተው ከሲሊንደሩ አፍ ላይ ለቀቁት። በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ መውረድ ሲገባው መሀል ላይ ቆመ። «ጠባብ ነው፤ ሲሞቅ ይነክሳል» አሉ። እኔ በስስ የብረት መለኪያ ክፍተቱን ስለካው እውነትም ያንስ ነበር፤ መልሰን ላክነው። ሁለተኛው ችግር የመጣው ሲሊንደሩ በአራቱ ረጃጅም ቡሎኖች ላይ ሲወርድ ነው፤ ግማሽ መንገድ ላይ ተቀረቀረ። መዶሻ ሳነሣ እጄን ያዙኝ።

«ሲሊንደር አይመታም፤ ይለመናል።»

ቀጥ ያለ ብረት አስጠግቼ ስመለከት አንደኛው ቡሎን ዘንበል ብሎ አገኘሁት። አባቴ ትከሻዬን መታ አደረጉኝ፤ ቡሎኑን ለወጥነው። ያን ሰሞን እኩዮች ነበርን፤ ምናልባት በሕይወታችን ለመጀመሪያ ጊዜ።

የቀረው ፋሻው ነበር። ፋሻ በፒስተኑ አንገት ዙሪያ የሚጠመጠም ስስ የብረት ቀለበት ነው፤ የተከፈተው አፉ በመቀመጫው ውስጥ ካለች ኢምንት ፒን ግራና ቀኝ ካላረፈ፣ ሲሊንደሩ ሲወርድበት ይሰበራል። አባቴ በዚያ ዓርብ ፋሻዎቹን በጣታቸው እየጨመቁ ሲሊንደሩን አወረዱ። ጊዜ ወሰደባቸው። በልርዳዎት ፈንታ መብራቱን አስጠጋሁላቸው። ያለ አንዳች ድምፅ ገባላቸው።

እህቴ ከበረንዳው «ሻባት እየገባ ነው!» ብላ ጮኸች። ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ሰንበት ይገባል፤ ሥራ ይቆማል። አባቴ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «ክዳኑን እሑድ እንገጥማለን። ጨርቅ ጣልባት» ብለውኝ ለመታጠብ ወጡ።

ጨርቁን ከመጣሌ በፊት ክዳን በሌለው ሲሊንደር ውስጥ አጎንብሼ አየሁ። ቀስቷ ዞራ ታየችኝ።

ደረጃውን ወጥቼ «አባ፣ እስቲ አንዴ ይመልከቱልኝ» ማለት እችል ነበር። ይሉኝታ ያዘኝ። አባት ሲሳሳት ፊት ለፊት አይነገርም፤ ዞር ሲል በዝምታ ይቃናል፤ ያደግሁበት ወግ ይህ ነው። ጨዋነት ነው ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው ጨዋነት ብቻ አልነበረም፤ ከሐኪሙ ቃል በኋላ ስሕተት እየጠበቅሁባቸው ነበር። የጠበቅሁትንም አየሁ።

ሲሊንደሩን ወደ ላይ ሳብኩት። ከዚህ በኋላ ያለው ትውስታዬ የተቀደደ ነው። ፒስተን ለማዞር የሚይዘውን ወፍራም ፒን ማውጣት፣ ፒኑንም ለማውጣት በሁለቱ ጫፍ ያሉትን የሽቦ ማገጃዎች መንቀል ያስፈልጋል፤ ይህን ማድረጌን ግን ጨርሶ አላስታውስም። የማስታውሰው ሞተሩ ሥራ ላይ ሳለን በጠረጴዛው ላይ ተገልብጦ የነበረ መሆኑን ነው፤ ላይ የመሰለኝ ታች፣ ታች የመሰለኝ ላይ ነበር። አባቴ በትክክል ገጥመውት፣ እኔም ይህን ተረድቼ ፒስተኑን ሳልነካ ሲሊንደሩን ለመመለስ የተጣደፍኩ ሳይሆን አይቀርም። ፀሐይዋ እየጠለቀች ነበር። ሲሊንደሩን ስጫነው ከእጄ ሥር አንዲት ደረቅ «ቀጭ» ተሰማች። ፋሻው ቦታውን ያዘ ብዬ ራሴን አሳመንኩ፤ ጨርቁን ጥዬ ወጣሁ።

ሰንበት ስለሆነ ተመልሼ ልፈታው አልቻልኩም፤ ለማን እነግራለሁ? አባቴ ነጭ ለብሰው፣ ዳቦውን ባርከው ሲቆርሱ ፊታቸው በርቶ ነበር። «አእምሮዬ ይርሳ፤ እጄ ግን አልረሳም» አሏት ለእህቴ። ትልቁን ቁራሽ ለእኔ ሰጡኝ፤ በላሁት።

እሑድ ክዳኑን ገጥመን ሞተሩን ከስኩተሯ ጋር አገናኘን። ከሕንፃው ፊት በአግዳሚው ወንበር የሚውሉት ሽማግሌዎች መጥተው ከበቡን።

«ይህች ሳትነሣ መሺያሕ ይመጣል!» አለ አንደኛው፤ መሲሑን ማለቱ ነው።

«እንግዲያው ተዘጋጅ፤ ኃጢአትህ ብዙ ነው» አሉና አባቴ የሞተሩን ማስነሻ በእግራቸው መቱት።

ሞተሩ ተነሣ! ሰማያዊ ጭስ ተፋ፤ ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ፤ እህቴ በረንዳው ላይ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ወዲያው ግን ከውስጥ ብረት ብረትን የሚፍቅ ድምፅ ወጣ፤ ሞተሩም ተንገጫግጮ ጸጥ አለ። ስንከፍተው ፋሻው ተሰብሮ የሲሊንደሩን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ቧጭሮታል። ቀስቷ ወደ ጭስ መውጫው ታመለክታለች።

አባቴ ሞተሩን አላዩም፤ እጆቻቸውን ገልብጠው አዩ። «ፋሻውን ሳላስቀምጥ ነው የገፋሁት» አሉ። «ረሳሁ ማለት ነው።»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ሽማግሌዎቹ ግን ቆመዋል፤ አጎንብሼ መፍቻዎቹን ለቀምኩ። ማታ ቁልፉን ለእህቴ ሰጧት። እሷም ስትቀበል የረታች አትመስልም ነበር።

በማግስቱ ከሶፋው ላይ ተቀምጠው ሳሉ አጠገባቸው ተንበርክኬ ሁሉን ነገርኳቸው። ሰምተው ሲያበቁ ፈገግ አሉ።

«ተባረክ ልጄ። የእኔም አባት እናቴ ወጥ ባሳረረች ቁጥር "እሳቱን የማገድሁት እኔ ነኝ" ይል ነበር።»

«አባ፣ እውነቴን ነው። ከእጄ ሥር ሲሰበር ሰምቻለሁ።»

«ፒኑን አውጥተህ ፒስተኑን አዞርከው?»

«አላስታውስም።»

«አየህ? ፒን የነቀለ ሰው አይረሳም።»

«አልነቀልኩም ይሆናል። ግን ሲሊንደሩን አንሥቼዋለሁ፤ እምልልዎታለሁ—»

«አትማል!» አሉኝ፤ ድምፃቸው ያን ሰሞን ባልሰማሁት ኃይል ጠነከረ። «ለእኔ ብለህ በሐሰት ምለህ ነፍስህን አታስይዝ። አባቱን ያልሸፈነ ልጅ መች ልጅ ይባላል? ይበቃል።»

ለእህቴም ነገርኳት። «ለእሱ ብለህ ከሆነ አያስፈልግም፤ እኔም አዝኛለሁ» አለችኝ። እሷም ያመነችኝ አይመስለኝም። ቁልፉን ግን መለሰችላቸው፤ አባቴ አልተቀበሏትም። ቃል ቃል ነው አሉ።

ሲሊንደሩ እንደገና ሰፋ፤ ሌላ ፒስተን ተገዛ። አባቴን ለምኜ ወደ ማኽሳኑ አወረድኳቸው፤ እሳቸው ግን በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው መብራት ከመያዝ በቀር ምንም አልነኩም። «እርስዎ ይግጠሙት» እላለሁ፤ «አንተ ግጠም» ይላሉ። የፀጉር ያህል ክፍተት እንኳ ሲታየኝ ይጠቁሙኛል ብዬ ቆም እላለሁ፤ እሳቸው ዓይናቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ፋሻውን በጣቴ ጨምቄ፣ እሳቸው እንዳደረጉት፣ ሲሊንደሩን አወረድኩት። ያለ ድምፅ ገባ። ሞተሩም ተነሥቶ አልቆመም።

ስኩተሯን ትንሽ ነድቼ ወደ ሽማግሌዎቹ ስመለስ አባቴ ከመካከላቸው ተነሥተው «እኔ የገጠምኩት ተሰበረ፤ ልጄ የገጠመው ይኸው ይሮጣል» አሏቸው።

«መማር ደግ ነው!» አለ ስለ መሺያሕ ያሾፈው ሰውዬ።

«እንዲያ አይደለም፤ የሰበርኩት እኔ ነኝ» አልኩ፤ በዚህ ጊዜ በሁሉም ፊት፣ ጮክ ብዬ።

አባቴ እጄን ያዙና ወደ እነሱ ዞሩ። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው» አሉ፤ በኩራት። ሽማግሌዎቹ መረቁኝ። እኔም አንገቴን ደፍቼ አሜን አልኩ።

ከዚያ ስኩተሯን ወደ ማኽሳኑ እየገፋሁ አብረውኝ እንዲወርዱ ጠየቅኳቸው።

«ምን ላደርግ?» አሉኝ፤ ወደ ሶፋቸውም ደረጃውን መውጣት ጀመሩ።