አየርላንድ ሶቭየትን የቀደመች ዕለት

ሮማን ዴክላንን በምሥራቅ ሰፈር የማያውቃት አልነበረም። አፍንጫዋና ጉንጮቿ ላይ ጤፍ የተበተነ ይመስል ጠቃጠቆ ሞልቶባቸዋል፤ ጠጉሯ ደግሞ ፀሐይ ሲያርፍበት ይቀላል። እናቷ ገበያነሽ ከአዋሳ ወጣ ብላ ያለችው የቱላ ከተማ ልጅ ናት፤ ነርስ። አባቷ ዴክላን የውኃ ጉድጓድ ለመቆፈር ለሁለት ዓመት ብሎ አዋሳ የመጣ ቀጭን ረጅም ሰው ነው። ገበያነሽ መዳፉ ውስጥ የገባ የብረት ስንጣሪ ካወጣችለት ወዲህ ግን መመለሱን ረሳው።

የሰፈሩ ልጆች ሮማንን ባዩ ቁጥር "እንግሊዝ! እንግሊዝ!" እያሉ ይከተሏታል። እሷም ዞር ትልና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ "እንግሊዝ አይደለሁም! አይሪሽ ነኝ!" ትላለች።

"ምንሽ?" አለቻት አንድ ቀን ጎረቤታቸው እትዬ አባይነሽ።

"አይሪሽ!"

"አየርሽ? የምን አየር ነው ልጄ?"

"የአየርላንድ ሰው ነኝ እኮ የምለው!"

የአባይነሽ ልጅ ማቴዎስ የጂኦግራፊ ነገር አይሆንለትም፤ ይህ ግን ወዲያው ገባው። "የአየር አገር ማለት ነው" ብሎ ለእናቱ አስረዳ። "ሰዎቹ ሁሉ ቀላል ናቸው።" ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ ሮማን አየር ሆነ።

ሮማን አየርላንድን አይታ አታውቅም። የምታውቃት ከአባቷ አፍ ነው። ሳያባራ የሚዘንብባት፣ በጎችዋ መንገድ ዘግተው የሚተኙባት፣ ልጆችዋ በብስክሌት ነፋስ የሚጋልቡባት አገር ናት። ዴክላን በልጅነቱ ሁለት ደርዘን እንቁላል በቅርጫት አስሮ፣ ቁልቁለቱን እየፎከረ በብስክሌት ወደ አክስቱ ቤት ይወርድ ነበር።

"አንድም አልተሰበረም?" ትለዋለች ሮማን፣ መልሱን እያወቀች።

"አንድ ተረፈ" ይላል ዴክላን፣ በኩራት።

በ1979 ዓ.ም.፣ ሮማን አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላት፣ አባቷ ከሁለት የሞቱ ብስክሌቶች አንድ ሕያው ሠራላት። ከፓምፕ የተረፈ አረንጓዴ ቀለም ቀባው። ጎማው ደህና ነው፣ ካቴናውም ደህና ነው፤ ፍሬኑ ግን ደስ ሲለው ብቻ ነው የሚይዘው። ሐይቁ ዳር ባለው ሜዳ ላይ ኮርቻውን ከኋላ ይዞ እየሮጠ አስተማራት።

"እንዳትለቀኝ አባዬ!"

"አለቅሽም!"

ድምፁ ራቀባትና ዞር ብላ ብታይ፣ አባቷ ከሩቅ ቆሞ ሁለቱንም እጆቹን ወደ ሰማይ ሰቅሏል። "ውሸታም!" ብላ ጮኸች። ጮኸችና ሳቀች፤ ሳቋ ሆዷን ሲያናውጠው መሪውም አብሮ ተናወጠ፤ ግን አልወደቀችም። ነፋሱ ቀሚሷን እንደ ድንኳን ነፋው። እውነትም የአየር አገር ሰው ነኝ አለች በልቧ። ከዚያ በኋላ ከብስክሌቱ የሚያወርዳት ጠፋ። ከመሃል ከተማ እስከ አሞራ ገደል፣ ከአሞራ ገደል እስከ ታቦር ተራራ ግርጌ ስትከንፍ ትውላለች።

ሚያዝያ ላይ ቀበሌው የላብ አደሮችን ቀን የሚያከብሩ ብስክሌተኛ ልጆችን ሰበሰበ። የወጣቶች ጉዳይ ኃላፊው ጓድ ተፈራ፣ እያንዳንዱ ልጅ የአንድ ወዳጅ አገር ባንዲራ ይዞ እንደሚሰለፍ ገለጸና ከወረቀቱ ላይ ማንበብ ጀመረ።

"ማቴዎስ፣ ሶቭየት ኅብረት። ታምሩ፣ ኩባ። ሮማን፣ ቡልጋሪያ።"

"ጓድ ተፈራ፣ እኔ የአባቴን አገር ነው የምይዘው" አለች ሮማን።

"የአባትሽ አገር ማን ነች?"

"አየርላንድ።"

ጓድ ተፈራ ወረቀቱን ገለበጠ፤ መልሶ ገለበጠ። "እዚህ የለችም። ከየትኛው ጎራ ነች?"

ሮማን ጎራ ምን እንደሆነ አታውቅም። የምታውቀውን ግን ተናገረች። "እንግሊዝን የታገሉ ናቸው።"

"ስንት ዓመት?"

"ሰባት መቶ።"

"ሰባት መቶ!" ጓድ ተፈራ ከመቀመጫው ተነሣ። እስክሪብቶውን አወጣና እየተናገረ ጻፈ፦ "ፀረ... ቅኝ... አገዛዝ። ሰባት መቶ ዓመት! እኛ አብዮት ከጀመርን ገና አሥራ ሦስታችን ነው። በይ ባንዲራውን አሠሪ።"

ገበያነሽ ከአንሶላ ነጩን፣ ከአሮጌ መጋረጃ አረንጓዴውን ቀደደች። ብርቱካንማ ጨርቅ ግን በከተማው ታጣ። በመጨረሻ ለቤተ ክርስቲያን የምታስረውን ብርቱካንማ ሻሽ ከራሷ ላይ ፈትታ፣ "ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ለአገርሽ ነው" ብላ መቀሱን አነሣች።

በበዓሉ ቀን ከተማው ሁሉ መንገድ ዳር ቆሟል። ከፊት የማርሽ ባንድ፣ ቀጥሎ ትራክተር፣ ከትራክተሩ ኋላ ብስክሌተኞቹ፤ ማቴዎስ ግንባር ቀደም ነው። ሮማን መጨረሻ ላይ ናት። ከሕዝቡ መሃል አንድ ሽማግሌ ባንዲራዋን አይተው፣ "ምነው ልጄ፣ የባንዲራችን ቢጫ ሲታጠብ ለቀቀ?" አሏት።

ሰልፉ ወደ ሐይቁ የሚወርደውን መንገድ ሲይዝ ሮማን ፍሬኗን ጨበጠች። ፍሬኑ ደስ አላለውም።

መጀመሪያ ለሌላ ልጅ የተሰጠችውን ቡልጋሪያን አለፈች። "ይቅርታ!" አለች። ኩባን አለፈች። "ይቅርታ ታምሩ!" ማቴዎስ የጎማ ድምፅ ሰምቶ ዞር ቢል፣ ሮማን አየር ዓይኗን አፍጥጣ አጠገቡ ደርሳለች።

"ወዴት ነው?" አላት።

"እኔ ምኑን አውቄ!"

ሶቭየት ኅብረት ወደ ኋላ ቀረች። ትራክተሩ ቀረ። የማርሽ ባንዱ ለሁለት ተከፈለ፤ ከበሮ መቺው ከበሮውን ታቅፎ ወደ አጥሩ ዘለለ። የክብር እንግዶቹ መድረክ ፊት ለፊት ሮማን ብቻዋን፣ ከሁሉም አስቀድማ ብቅ አለች። ድምፅ ማጉያ የያዘው ጓድ ተፈራ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ወረቀቱን አየ። ከዚያ ባለ በሌለ ድምፁ፦

"ከፊታችን በማለፍ ላይ ያለችው... አየርላንድ! የሰባት መቶ ዓመት ታጋይ ሕዝብ!"

መድረኩ ላይ ያሉት ተያዩና አጨበጨቡ። እነሱ ሲያጨበጭቡ ሕዝቡም አጨበጨበ፤ እትዬ አባይነሽ እልልታውን አቀለጠችው። ሮማን ፈርታ ነበር፤ ግን ጭብጨባው ጀርባዋን የገፋት መሰላት፤ ፍርሃቱ ወደ ሳቅ ተለወጠ። እንደሳቀች መንገዱ አለቀ፤ ሣሩን አቋርጣ፣ ዓሣ የሚጠብቁትን ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹን፣ በትና ሐይቁ ውስጥ ገባች።

አባቷ በእነዚያ ረጃጅም እግሮቹ ሮጦ ሲደርስ እስከ ወገቧ ውኃ ውስጥ ቆማ ባንዲራውን ከፍ አድርጋ ይዛለች።

"ተጎዳሽ?"

"አልተጎዳሁም! ሶቭየትን ቀደምኩ አባዬ!"

ዴክላን ከነጫማው ገብቶ አቀፋት፤ ሁለቱም መቆም እስኪያቅታቸው ሳቁ። ጓድ ተፈራም እያለከለከ ደረሰ። ሊቆጣ ጣቱን ቀስሮ ነበር። ዴክላን ግን አማርኛን የተማረው ከሚስቱና ከልጁ ስለሆነ ሰውን ሁሉ "አንቺ" ነው የሚለው። "ጓድ ተፈራ፣ አንቺ በጣም ጎበዝ!" ብሎ ትከሻውን መታ አደረገው። የጓድ ተፈራ ጣት እዚያው አየር ላይ ቀረች፤ ሳቁ ከየት እንደመጣ ሳያውቅ አመለጠው።

በሳምንቱ ማቴዎስ የሮማንን በር አንኳኳ። "እኔም አየርላንድ መሆን እፈልጋለሁ" አለ።

ሮማን አሰበች። አባቷ ስለዚህ ያላት ነገር የለም። "እስከ ቱላ ሳትወርድ ከነዳህ ትሆናለህ" ብላ ፈረደች። ማቴዎስ ነዳ። ታምሩም ነዳ። ክረምቱ ሲገባ ሰፈሩ ውስጥ ዘጠኝ አየርላንዶች ነበሩ፤ ሁለቱ በአንድ ብስክሌት የሚሄዱ መንትዮች።

አንድ ቅዳሜ ዘጠኙም ጭቃ በጭቃ ሆነው ቱላ፣ የሮማን አያት ደጃፍ ደረሱ። ሽማግሌው ከእንሰቱ ጥላ ሥር ተነሥተው በሲዳምኛ፣ "እነዚህ የማን ልጆች ናቸው?" ብለው ጠየቁ።

"አየርላንዶች ናቸው፣ አያቴ" አለች ሮማን፣ እሷም በሲዳምኛ።

አያትየው አንድ በአንድ አዩአቸው። ማቴዎስን ትንሽ ረዘም አድርገው አዩት፤ አባቱን ያውቁታል። ከዚያ ወደ ቤት ዞረው፣ "ወተት አምጡ! የሩቅ አገር ሰዎች መጥተዋል!" ብለው ተጣሩ።