ሐሰን ያልወጣው ተራራ

ንጋት፣ ጅጅጋ

ጎህ ሲቀድ ከከተማው ወጣን። ሲዘንብ ያደረው ዝናብ ጥቁሩን አፈር አቡክቶታል፤ ጫማዬ በየእርምጃው ይከብዳል። ሐሰን የሂሳብ አስተማሪ ነው፤ እኔ ከጎጃም እዚያው ትምህርት ቤት ተመድቤ ከመጣሁ ጀምሮ ወዳጄ። እናቱ የተቀበረችው ካራማራ ላይ፣ ከጫፉ ጥቂት ዝቅ ብሎ ነው። ከሶማሊያው ጦርነት ወዲህ መቃብሯን ያየ የለም። ሽማግሌው አባቱ እግራቸው አልታዘዝ ስላላቸው፣ «ድንጋይዋን አቃኑልኝ» ብለው እኛን ላኩ።

ረፋድ፣ ዳገቱ ላይ

መንገድ ዳር ካለች ሻይ ቤት ለሆህ በሻይ ቀማመስን። ቀጭን፣ ለስላሳ፣ ትኩስ እንጀራ። ከዚያ ወዲያ ቁልቋል፣ እሾህ፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ የተቃጠለ መኪና አፅም።

«ፍየል ከረገጠችበት ውጭ እንዳትረግጥ» ይለኛል ሐሰን። «ፈንጂው ተለቅሞ አላለቀም።»

በሁለት ጉብታዎች መሀል ያለው ሜዳ ረግረግ ሆኗል። እስከ ጉልበቴ ሰመጥኩ። ሐሰን ሽርጡን ወርውሮልኝ ጎትቶ አወጣኝ።

«ጎጃም ጭቃ የለም እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ኬላው ጋ

አንድ አስር አለቃ አስቆመን። መታወቂያችንን አገላብጦ አየና የእኔን ብቻ መለሰ።

«አንተ እለፍ። እሱ እዚሁ ይጠብቅ።»

«የተቀበረችው እኮ የእሱ እናት ናት!»

«ሶማሌ ወደ ላይ እንዳይወጣ ተብሏል። እኔን አትጨቅጭቀኝ።»

ሐሰን አልተከራከረም። «አንዲት ግራር ለብቻዋ ቆማለች» አለኝ። «ከሥሯ ነው።»

ከጫፉ ዝቅ ብሎ

ጉም። ንፋስ። ውሃ ያቆረ ሣር። ከግራሯ የቀረው ጉቶ ነው፤ ዙሪያው ጭቃ ብቻ። ጠፍጣፋ ጠፍጣፋዎቹ የመቃብር ድንጋዮች ወታደሮቹ ጫፉ ላይ በሠሩት ምሽግ ግድግዳ ተደርድረዋል። በአንዱ ላይ የዓረብኛ ፊደል አየሁ። የእሷ ይሁን የሌላ ሰው፣ በምን ልወቅ? የማቃናው ነገር አልነበረም። ተመልሼ ወረድኩ።

«አገኘሃት?»

ልዋሸው አልቻልኩም። «ድንጋዩን ለምሽግ ወስደውታል።»

ሐሰን ጎንበስ ብሎ ከእግሩ ላይ ጭቃ ሲጠርግ ቆየ። ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሏል። «እንውረድ» አለ። መታወቂያውን ከአስር አለቃው ተቀብሎ ከፊቴ ቁልቁል መራኝ።

ማምሻ፣ ጅጅጋ

አባቱ ደጃፉ ላይ ሰሌን አንጥፈው ይጠብቁን ነበር። በሶማልኛ ጠየቁት። ያቺ ያለችኝ ሶማልኛ መልሱን ለመስማት አላነሰችም።

«ሰላም ናት፣ አባቴ» አላቸው ሐሰን። «ድንጋይዋን አቃንተናል።»

ሽማግሌው እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው መረቁኝ፤ ረጅም ምርቃት፣ ዓይናቸው እንባ እንዳቀረረ። ሐሰን ወደ ግድግዳው ዞሮ ቆሟል።

«አሚን» አልኩ።