የሚካኤል ጽዋ እስፔን የሄደ ጊዜ

ካርቱም፣ አርካዊት ሰፈር ምግብ የማበስልለት እስፔናዊ ምሳ በቀረበ ቁጥር ስለ መንደሩ ያወራል። ሽንኩርት እያቁላላሁ የዚያችን መንደር ታሪክ ከራሱ በላይ አወቅሁት። ሴቶች ድሮ ተሰብስበው ልብስ የሚያጥቡበት የድንጋይ ገንዳ አላት፤ የተሰነጠቀ ደወል አላት፤ የቀሯት ሰዎች አስራ አንድ ሽማግሌና አሮጊቶች ናቸው። ተማሪ ስለጠፋ ትምህርት ቤቱን የቅርስ ቤት አድርገውታል። ቅርሱም አንድ ማረሻና የአንድ ቄስ ባርኔጣ ነው።

አንድ ቀን የመንደራቸው ጠባቂ ሚካኤል እንደሆነና በዓመት አንዴ እንደሚያከብሩት ነገረኝ። «በዓመት አንዴ ብቻ? እኛ በየወሩ በአስራ ሁለት ነው!» ብዬ ተኩራራሁ። «ያ ኡኽቲ፣ ውሰጂኛ» አለ በአረብኛው፤ «እህቴ» ማለቱ ነው። ምነው ምላሴን በቆረጠው! የኛ ሰው የሚበዛበት ዴም ሰፈር ያለው የጽዋ ማኅበራችን የውጭ ሰው ስለማያስገባ ዋስ ሆኜ ወሰድኩት።

ሙሴያችን፣ የማኅበሩ አለቃ ማለት ነው፣ ቁጡ ሽማግሌ ናቸው። ዳቦው ተቆረሰ፤ ጠላ ካርቱም ውስጥ ክልክል ስለሆነ ጽዋው ከርከዴ ተሞላ። መጨረሻ ላይ «ባለተራው ማነው?» ሲባል ሰውዬው ለሁሉም ነገር እንደሚለው «ጠይብ፣ ጠይብ»፣ እሺ፣ እሺ እያለ እጁን ዘረጋ። ሰጡት፤ እልል አልን። ጽዋ የተቀበለ ሰው በወሩ ደግሶ ይመልሳል። ይህን አልነገርኩትም። ይህን የማያውቅ ሰው ይኖራል ብዬ መቼ አሰብኩ?

በሳምንቱ ለእረፍት አገሩ ገባ። መደርደሪያውን ባይ ጽዋው የለም። ስደውልለት «ስጦታችሁን የቅርስ ቤት አስገባነው! መንደሩ በሙሉ አመስግኗል» አለኝ በደስታ። ከማረሻው አጠገብ፣ መስታወት ውስጥ! እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ዴም ውስጥ ቤት ለቤት የዞረ ጽዋ ነው። 

ሙሴው ሲሰሙ «ኸላስ! በቃ! የወሰደ ይደግስ። አለዚያ ዋሱ ከማኅበር ይወጣል!» አሉ። ሰውዬውን እዚያው እንዲደግስ አልቅሼ ለመንኩት። ወሩ በገባ በአስራ ሁለተኛው ቀን ማኅበሩ ተሰብስቦ ሳለ በቪዲዮ ደወለ፤ አስራ አንዱም ገንዳው ዙሪያ ተሰብስበው ዳቦ ይቆርሳሉ። ጽዋው ውስጥ ያለው ወይን ጠጅ ነው። «ወላሂ ታድለዋል» አሉ ሙሴው ምራቃቸውን እየዋጡ። ወዲያው አንዲት ባለከዘራ አሮጊት ጽዋውን ላፍ አድርጋ «ቀጣዩ እኔ ቤት ነው!» አለች።

ሰውዬው ባዶ እጁን ተመለሰ። «ተራ አለብን ብለው ከለከሉኝ» አለ። ምን ይባላል? ሕጉ የኛው ነው።

በአምስተኛው ወር፣ መንደርተኞቹ በቪዲዮ ሲደውሉ፣ ሙሴው ትዕግስታቸው አለቀና ጽዋውን ራሳቸው ሊጠይቁ ስልኩን ከእጄ ቀሙኝ። አፋቸውን ሳይከፍቱ አሮጊቷ ቀደመቻቸው፤ ሰውዬው ከጎናችን ተቀምጦ አስተረጎመ። «እስከ ዛሬ የምንገናኘው ቀብር ላይ ብቻ ነበር። እግዜር ይስጥልን» ነው ያለችው።

ሙሴው ስክሪኑ ላይ አስራ አንዱን አንድ በአንድ አዩ።

«ይቅርላቸው፤ እኛ ብዙ ነን» አሉ። ቀጥለውም አዲስ ጽዋ እኔ እንድገዛ ፈረዱብኝ።