የረጠበው ጥሬ ቆዳ

አገኘሁ ውቤ ቀኝ እጁን የወፍጮ ማዞሪያ ቺንጋ ሲስበው ገና ጎረምሳ ነበር። እብናት ገበያ ዳር፣ አስፈጪው ሁሉ ተሰልፎ እያየ፣ ሞተሩን የሚያጠፋ ሰው እስኪደርስ እጁ ከቺንጋው ጋር ዞረ። ሐኪሞች ጣቶቹን አተረፉለት። የአመልካችና የመሀል ጣቱ ጫፍ ግን ደንዝዞ ቀረ። ትኩስ ብርጭቆ ሲይዝ መቃጠሉን የሚያውቀው ቆዳው ሲቀላ አይቶ ነው።

ከዚያ በፊት ክራር ይጫወት ነበር። ጣቶቹ እንቢ ሲሉት እናቱ፣ "በቃ ስቀለው ልጄ፤ እያየኸው አትብገን" አሉት። እሱ አልሰቀለውም። ከበሬ ቀንድ ቀጭን መግረፊያ ፍቆ አወጣ። ክራር በጣት ሲሆን ይደረደራል፣ በመግረፊያ ሲሆን ይገረፋል፤ አገኘሁም መደርደሩን ትቶ መግረፍ ያዘ።

ከዓመታት በኋላ ደብረ ታቦር ውስጥ አንድ የኪነት ቡድን ገባ። የቡድኑ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ባሕር ዳር ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ጊታሩ ግድግዳ ተደግፎ ቀርቶ ነበር። አገኘሁ አነሣውና በዚያው በቀንዱ መታው። ለእስክስታው ዘፈን ሰመረለት። ከበሮ መቺው እሸቴ ብቻ አልማረውም።

"አንተ ሰው፣ ቡሄ ገና ነው! ጅራፉን ምነው አስቀደምከው?"

አሠልጣኙ ሙሉሐብት ግን አልሳቀም። ለደብረ ታቦር በዓል መድረክ የቡድኑ ድምፃዊት ዓለሚቱ የምታዜመው ዘፈን ዝግ ያለ ነበር።

"ቀንዱ ቀጭ ቀጭ እያለ ድምጿን በላው" አለ። "ይህ ዘፈን ቤዙን በጣት ነው የሚፈልገው። ካልቻልክ ከባሕር ዳር ሌላ ሰው አስመጣለሁ። እሱ ከመጣ ደግሞ ለበዓሉ ብቻ አይሆንም።"

አገኘሁ ከፋው። ወጥቶ ዓለሚቱን ጠየቃት።

"እውነቱን ንገሪኝ፤ ይረብሽሻል?"

"አያ አገኘሁ፣ እርስዎ ደግ ሰው ነዎት" አለችው አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ "ቀንድዎ ግን ይዋጋል።"

በጣቱ ሞከረ። ጣቶቹ ክሩን ስተው ያልፋሉ፤ ቢያገኙትም መቼ እንደለቀቁት አያውቅም። ቀንዱ ከጠነከረ ለስላሳ ነገር ልፈልግ ብሎ፣ ከከበሮ ጠፍር የተረፈች ቁራጭ ጥሬ ቆዳ በምላጭ አስተካክሎ ቆረጠ። ቢመታባት ያው እንደ ቀንዱ ጮኸች። ተስፋ ቆርጦ ኪሱ ከተታት።

ለልምምድ ሲሄድ የነሐሴ ዝናብ የተሳፈረበት ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር ገብቶ አበሰበሰው። ተራው ደርሶ እጁን ኪሱ ቢሰድ ቆዳዋ ውሃ ጠጥታ ተልፈስፍሳለች። ጥሬ ቆዳን በክረምት ማመን የገበሬ ልጅ የማይሠራው ስሕተት ነው።

"ወይ ጉድ! ይህችማ ቋንጣ ናት" አለ እሸቴ።

አገኘሁ ተናዶ ጊታሩን በእሷው መታው። ድምፁ ወፍሮ፣ ክብ ሆኖ ወጣ። ቀጭታ የሚባል የለበትም። ዓለሚቱ በዜማዋ ገባች። በስንኝና በስንኝ መካከል ትንፋሽ ስትስብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማት፤ ስባ እስክትጨርስም እጁን ያዝ አደረገ።

ጀርባውን ሰጥቶ ያዳምጥ የነበረው ሙሉሐብት ዞረ።

"በጣትህ ነው?"

"በበሬ ቆዳ ነው።"

"ሲደርቅስ?"

"እልሰዋለሁ።"

"በፍልሰታ?" እሸቴ ከበሮውን ለቀቀ። "ሰው እንዴት በጾም በሬ ይልሳል!"

ሙሉሐብት ሳይወድ ሳቀ። ከስፒከሩ አጠገብ ውሃ ያለበት ብርጭቆ እንዲቀመጥ አዘዘ። "ለጭፈራው ቀንዱን፣ ለዚህኛው ቆዳውን" አለ፤ ከባሕር ዳር ማንም አልተጠራም። በበዓሉ ዕለት ዓለሚቱ ስታዜም፣ መድረኩን ከብቦ ይንጫጫ የነበረው ሕዝብ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ።

ዛሬም መግረፊያውን ፒክ የሚሉት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ "በጣት ይሻላል ወይስ በፒክ?" እያሉ ይከራከሩበታል። እሱ ለአንዱም አያዳላም።

"ሁሉም እጄን ያያል" ይላል። "እኔን ለወግ ያበቃኝ ያቺ ልጅ ይዋጋል ስትለኝ አለመቀየሜ ነው። እስከዚያ ድረስ የምሰማው ራሴን ብቻ ነበር። አሁን እሷ ትንፋሽ ስትስብ እኔ ዝም እላለሁ።"